ጉጉፍቱ የቆመችው መኪና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ልብስ አጠብኩ፤ አልደረቀም። ጥቅምት ገብቶ እንኳ ከሰዓት ከሰዓት ያካፋል። ገብሱን ያበላሸዋል እያለ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ሾፌሩ ደወለ። ዕቃዬ ደሴ ገብቷል፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል። መቼ ይከፈታል? «እሱን አላህ ነው የሚያውቅ፣ እህቴ።» ሦስት ሳምንት ሙሉ ይቺኑ መልስ...

ምሳ ላይ አባ የወፍጮውን ነገር እንደገና አነሱ። እኔን ሳይሆን ወጡን እያዩ። «የከላላው ሰውዬ ወፍጮውን ሊሸጠው ነው አሉ። ቢያረጅም ይፈጫል።» እንጀራ ጨመርኩላቸው። «እህል የማያስፈጭ ሰው የለም። ቁጭ ብሎ በመስታወት ውስጥ መኪና መንዳት ግን...» አልጨረሱትም። አባ ነገሩ የሚያስከፋ ሲሆን አይጨርሱም። ለብቻዬ ሆኜ የምጨርሰው እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመት ኩዌት ሠርቼ የቀረኝ ሁሉ ደሴ ላይ ኢሱዙ ጀርባ ተጭኖ ቆሟል። ሦስት አሮጌ የጌም ማሽን። አዲስ አበባ አንድ የልጆች መጫወቻ ቤት ተዘግቶ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሊሸጣቸው ሲል ነው የደረስኩባቸው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። ሰዉ አብዳለች ይላል። አብጄ ይሆን እንዴ?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

መጡ። ስምንት ሰው ተረባርቦ አወረዳቸው። የአንዷ ጎን ትንሽ ተላልጧል፣ ሌላ ጉዳት የለም። አልሐምዱሊላህ።

የአባ ኮርቻ ቤት ውስጥ አስገባናቸው። መንገድ ዳር ያለን እሱ ብቻ ነው። አባ አርባ ዓመት የበቅሎ ኮርቻ ሠርተውበታል። ከወግዲ፣ ከከላላ ድረስ እየመጡ ያዟቸው ነበር። አሁን ባጃጅ መጣ። ዘንድሮ የሸጡት አንድ ኮርቻ ነው፣ እሱንም የገዛው ሰው ለሠርግ ፎቶ ነው የፈለገው። «ቤቱ ባዶ ነው፣ ግቢበት» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ቆዳቸውንና መጥረቢያቸውን ወደ ጓሮ ክፍል ሲያወጡ ጀርባቸውን አየሁት። ልርዳዎት ስላቸው «ተይው» አሉኝ።

አንደኛዋ የመኪና ናት። ወንበር አላት፣ መሪ አላት፣ ፍሬን አላት። ሁለተኛዋ የድብድብ፣ ሦስተኛዋ የኳስ። ሆዳቸውን ከፍቼ ሽቦ በሽቦ ጠረግኩ። ይሄን ያስተማረኝ አንድ ህንዳዊ ቴክኒሻን ነው። ኩዌት የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ትልቅ የጌም አዳራሽ በጽዳት ነው የሠራሁት። የልጆች የጣት አሻራ ከመስታወት ላይ ስጠርግ መዋል። እሱ ሲበይድ ባትሪ አብሪልኝ ይለኛል፣ ኋላ ኋላ ብየዳውንም ለእኔው ተወልኝ።

አምስት ዓመት የሰው ልጆች ሲስቁ ሰማሁ። እኛ ጋ ሰው ተሰብስቦ የሚስቅበት ቤት የታለ? ሠርግ ካልሆነ... ይሄን ለአባ ማስረዳት ፈልጌ አቃተኝ። ከአፌ ሲወጣ የሞኝ ወሬ ይሆንብኛል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ከፈትኩ። የመኪናዋን ማሽን በሩ ፊት ለፊት አደረግኳት፣ ከመንገድ ትታይ ብዬ።

ሰው መጣ፣ ብዙ ሰው። ቆመው አዩ። ማንም አልተጫወተም። ቢተው የሚባለው፣ ቅሬያችን፣ የመንደሩ እድር ውስጥ ደንብ የሚያውቅ እሱ ብቻ የሚመስለው ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሞ «ቁማር ነው?» አለ። አይደለም ጋሼ ቢተው፣ ጨዋታ ነው። «ገንዘብ ይገባበታል?» ቶከን ይገባበታል፣ ከእኔ የሚገዛ የጨዋታ ሳንቲም። «ይወጣበታል?» አይወጣም። «ታዲያማ ከቁማርም የባሰ ነው» ብሎ ሄደ። ሰዉ ሳቀ። ለነገሩ እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር።

አባ አልመጡም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ማንም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሁለት ተማሪዎች። አንዱ ቶከኑን ለማስታወሻ ብሎ ኪሱ ከቶ ሄደ።

አባን መስጊድ በር ላይ «ልጅህ ቁማር ቤት ከፈተች አሉ» ብለው ጠየቋቸው። ምን ብለው እንደመለሱ አልነገሩኝም። የጠየቋቸው መሆኑንም የሰማሁት ከሰው ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ እትዬ ዓባይነሽ መጡ፣ ጎረቤታችን። ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እደጃፉ አስቀምጠው «አንቺ፣ ይቺ ወንበር ሰው ታስቀምጣለች?» አሉ። ታስቀምጣለች እትዬ። ገብተው ተቀመጡ። መሪውን ያዙ።

ማሽኗ ሰው በማይጫወትባት ጊዜ ለማስታወቂያ ብላ ብቻዋን ትነዳለች። መንገዱ ይሮጣል፣ ዛፉ ያልፋል፣ ሙዚቃው ይንቆረቆራል። እትዬ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ እንደ አጋጣሚ መኪናዋም ወደ ግራ ታጠፈች። «ኸረ ትታዘዛለች» አሉ። ቶከን አልገባም እኮ ልላቸው አፌን ከፈትኩ... ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት። እንዲህ ደስ ብሏቸው መቼ አይቻቸው አውቃለሁ?

ሩብ ሰዓት ያህል «ነዱ»። ሲነሱ «የደሴን መንገድ ይዤ አቀስታ ደረስኩ፣ ለዛሬ ይብቃኝ። አብሽሪ፣ ሰዉ ይለምደዋል» ብለውኝ ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

እናቴ ስትሞት እኔ ኩዌት ነበርኩ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን አልሰጥም አለች። ሦስቱንም ቀን አባ አጠገብ ተቀምጠው እህል ያቀመሷቸው እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ለእናቴ እኔ ልለብስ የሚገባኝን ጥቁር የለበሱት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸውማ ዕድሜ ልካቸውን በነፃ ይንዱ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እትዬ በየቀኑ ይመጣሉ። ዛሬ ጊምባ ደርሰዋል። «ብርዱ ጠናብኝ» ብለው ነጠላቸውን ጠቅለል አደረጉ። ጊምባ ይበርዳላ።

ዛሬ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እሳቸውን እያየ ይቆማል። ሦስት ሰው ገብቶ ተጫወተ። አንደኛው ትልቅ ሰው፣ አስተማሪ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሰው መምጣት ጀምሯል። ዛሬ የኳሷ ማሽን ላይ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ተጨቃጨቁ። ነዳጅ ስለሌለ ሥራ ፈተዋል። ጭቅጭቁ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን... እትዬ ዓባይነሽ ቤቱ ሰው ሲሞላ ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ገና መቀመጣቸው ይሁን፣ ሲነዱ የቆዩ ይሁኑ፣ አራት አምስት ሰው ከገባ ይነሳሉ። «ይቆዩ እንጂ» እላለሁ። «ሥራ አለብኝ» ይላሉ። ጫጫታው አስቸግሯቸው ይሆን? ድምፁን ልቀንሰው? ብቀንሰው ደግሞ ከመንገድ አይሰማም።

አባ እስካሁን አንድ ቀን ደጃፉን አልረገጡም። ምሳ ላይ «ሰው መጣ?» ይላሉ። መጣ እላለሁ። በዚሁ ያልቃል።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

የድብድቧ ማሽን እጀታ ከሥሩ ተሰበረ። መለዋወጫ የለም። አዲስ አበባ ደወልኩ፣ እዚያም የለም። ሳቁብኝ እንጂ። «እህት፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ዕቃ ነው።» በካርቶን ላይ «ተበላሽቷል» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩባት።

ለአባ ነገርኳቸው። «እንጨት ነው ብረት?» አሉ። ፕላስቲክ ነው። «እንግዲህ ፕላስቲክ...» አሉና ተዉት።


ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሱፍያን ደወለ፣ ያኔ የላከኝ ደላላ። ኩዌት ያ አዳራሽ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ አንቺን በስምሽ ጠይቀዋል፣ ደሞዙም ከበፊቱ ይሻላል። «ምን ትጠብቂያለሽ እዚያ? ጭቃ?»

አልሄድም አልኩት። በደንብ ነው ያልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁጥሩን አላጠፋሁትም። ለምን አላጠፋሁትም?


ሰኞ፣ ኅዳር 16

እትዬ ጉጉፍቱ ደረሱ። «ነገ ደሴ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ደሴ ሲገቡ ምን ያደርጋሉ? ትንሽ አሰቡ። «ሻይ እጠጣለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።»

ሲስሉ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው። «መኪና አለኝ፣ ራሴ እሄዳለሁ» ብለው ቀለዱብኝ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

እትዬ ዓባይነሽ ማክሰኞ ሳሉ ጠንቶባቸው ሳይመጡ ቀሩ፣ ማታውን በእንቅልፋቸው አረፉ። ረቡዕ ጠዋት ገና በሩን እንደከፈትኩ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ማን ነው ብዬ ወጣሁ። ስማቸውን ሲጠራ ጆሮዬን አላመንኩትም። ነጠላዬን እንኳ በደንብ አልለበስኩም፣ በሩን ቆልፌ ሮጥኩ።

መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን አላጠፋቸውም። ሲመጣ በድምፃቸው አውቃለሁ ብዬ ነው... ልማድ ነው። ድምፁንም ለገበያ ቀን ብዬ እኔው ከፍ አድርጌዋለሁ። ያን ሁሉ ረሳሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስከሬኑ ወጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተሸክሟል። አባ ከፊት በኩል ነበሩ፣ የቅሬው ዳኛ ናቸውና። መንገዱ በእኛ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ልክ ደጃፉ ጋ ስንደርስ መብራት መጣ።

ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ያ ሙዚቃ ፈነዳ። ከዚያ የሰውየው ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ሬዲ... ጎ» እያለ ይጮኻል። ለቀስተኛው ቆመ። ዲያቆናቱ ዝማሬውን አቋረጡ። እኔ ቁልፉን ፈለግኩ፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ፣ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። «ሬዲ... ጎ።» በጥርሴ ፈታሁት። በሩን ከፍቼ ገመዱን ነቅዬ ስወጣ ሁሉም እኔን ያያል። አባ ግን መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

ከዚያ አስከሬኑ ተነስቶ ሄደ። ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ማንም አጠገቤ አልሄደም።

እናቴን የቀበረች ሴት... በእኔ ቤት ዘፈን ተሸኘች። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ፣ ከትናንት ጀምሮ ይችኑ እላለሁ። ገመዱን ብነቅለው ኖሮ። አንድ ገመድ።


ዕሁድ፣ ኅዳር 22

ቅሬው ተቀመጠ። እኔም ተጠራሁ።

ቢተው ተነስቶ ደንቡን በቃሉ ተናገረ። ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ሬሳ አፈር ሳይለብስ ዘፈን ያሰማ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ እሳት አይጭርም፣ ሲሞት አይቀበርም፣ ሲታመም አይጠየቅም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እሷም ብትሆን፣ የዳኛ ልጅም ብትሆን ደንብ ደንብ ነው» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሲናገር አይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እትዬ አክስቱ ናቸው።

ሁሉም ወደ አባ ዞረ። አባ ከዳኛው ወንበር ተነሱ። «በልጄ ላይ ብፈርድ አንጀቴ አይችልም። ለልጄ ብፈርድ እናንተ አትቀበሉኝም። ወንበሩን ቄሱ ይያዙልኝ» አሉ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እዚያ፣ ጥፋተኛ የሚቆምበት። ክንዳቸው ክንዴን ነካው።

ቄስ ወልደሩፋኤል የእትዬ የነፍስ አባት ናቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፦ «ዘፈን የተሰማበት ቤት እስከ ተዝካሯ ዝም ይበል። አርባ ቀን። ልጅቱ ድንጋይ ተሸክማ ወደ ዓባይነሽ ባለቤት፣ ወደ ንጉሡ ደጃፍ ትሂድ። እሱ ይቅር ካላት ይቅር ብለናል። ካላላት ደንቡ ይፈጸም።»

ከመንገድ ዳር ድንጋይ አነሳሁና ማጅራቴ ላይ አደረግኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ የሚያቃስት ሰው ሰማሁ። ዞር ስል አባ ከእኔ የሚበልጥ ድንጋይ ተሸክመዋል። አባ፣ ምነው? «ቤቱ የኔ ነው» አሉ። «ቆጣሪውም በስሜ ነው።» አንድም ሰው አልሳቀም። እንደዚያ ሆነን መንደሩን አቋርጠን ሄድን፣ እኔና አባ፣ ጎን ለጎን።

ጋሼ ንጉሡ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብለን ቆምን። መጀመሪያ «መሐሙድ፣ ወገብህን ትታመማለህ፣ ጣለው» አሉ። ከዚያ መጥተው የእኔን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ከማጅራቴ ላይ አነሱት። «ማታ ማታ ታንጎራጉረው ነበር፣ ያንን ዜማ። ምድጃ ጥግ ተቀምጣ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከሳጥኑ ኋላ ሆኜ ስሰማው መጀመሪያ እሷ መስላኝ... ይቅር ብያለሁ። አርባው ግን ይከበርልኝ።»

ማልቀሴን አላቆምኩም። አሁንም።


ሰኞ፣ ኅዳር 30

ተዘግቷል። ማሽኖቹን ብርድ ልብስ አልብሻቸዋለሁ። የግድ አልነበረም፣ አቧራ ነው ሰበቡ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ከጓሮ ክፍል የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ኮርቻ የታዘዙ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ምንድን ነው አባ? «እንጨት ነው» አሉ። እሱንማ አየሁት።

ሰላምታው ተመልሷል። ወጥ የሚልኩልኝ፣ እንዴት ነሽ የሚሉኝ አሉ። ግን የቤቱን ነገር ማንም አያነሳም፣ እንደ ሞተ ሰው። አርባው ሲያልፍስ ማን ይመጣል? ያ ዘፈን በተሰማበት ቤት ማን ይስቃል? መምጣት የጀመሩትም እትዬን አይተው ነበር። እሳቸው የሉም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ለሱፍያን ደወልኩ። እሺ አልኩት።

ከገና በኋላ ፓስፖርቴን ይዤ ደሴ እወርዳለሁ። ማሽኖቹን ለአንድ ሰው በቁርጥራጭ ዋጋ... ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ለአባ ነገርኳቸው። አጎንብሰው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። «መቼ ነው የምትሄጂ?» ከገና በኋላ። «እሺ።» ጫማውን አስረው ጨርሰው እንደገና ፈቱት። «እናትሽን ስንቀብር...» አሉ።

አልጨረሱትም። ይሄኛውን እኔም መጨረስ አልፈለግኩም። ግን ቀኑን ሙሉ ራሱ ሲጨርስ ዋለ።


ዕሁድ፣ ታኅሣሥ 27

የእትዬ ተዝካር። በጾም ስለዋለ ሁሉም ነገር የጾም ነው። እኛ እስላሞቹም አብረን ሠራን፣ እኔ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። ለቅሶዬን ሽንኩርቱ ላይ አሳበብኩ። ቢተው ውሃ ሲቀዳ አገኘሁት፣ አንዱን ጀሪካን ተቀበልኩት። «ነገ ትከፍቻለሽ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ተረጋግቼ ልጻፈው።

ጠዋት ማሽኖቹን ለመጨረሻ ጊዜ ልጥረግ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ብርድ ልብሱን አነሳሁ። መብራት ነበረ። ገመዶቹን ሰካሁ፣ የመኪናዋን ድምፅ ዝቅ አደረግኩት። ሳይቆይ አባ በሩ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የቤቱን ጣሪያ፣ ግድግዳውን፣ ኮርቻ ይሰቅሉበት የነበረውን ሚስማር አዩ። ከዚያ ገቡ። ከተከፈተ ጀምሮ ሲገቡ ሳያቸው ዛሬ ገና ነው።

ጨርቁን ፈቱት። እጀታ ነው። ከወይራ የተጠረበ፣ ጫፉ የኮርቻ ፊት ላይ እንደሚቆመው ጉጥ የዞረ፣ ላዩ ቀይ ቆዳ የተሰፋበት። የድብድቧ ማሽን እጀታ። ያ ሁሉ መጥረቢያ ለዚህ ነበር። «ልኩን ከተሰበረው ላይ ወስጃለሁ። ማታ ስትተኚ ገብቼ» አሉ። ብሎኑን አጠበቅኩት። ልክ ገባ። እጄን ጉጡ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

አባ ሄደው የመኪናዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መሪውን ያዙ። ማሽኗ እንደልማዷ ብቻዋን ትነዳለች። ቶከን አላስገባሁም። ለእትዬ እንዳደረግኩት ለእሳቸውም ዝም አልኩ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ።

መሪውን ወደ ግራ ያዙት። ወደ ቀኝ ያዙት። እጃቸውን አነሱ።

«ይቺ ልጓሟ አልተያያዘም» አሉ። «በራሷ ነው የምትሄድ።»

አፈርኩ። አርባ ዓመት ለበቅሎ ኮርቻና ልጓም የሠራ ሰው ይሄ ይጠፋዋል? አዎ አባ፣ ማስታወቂያ ነው፣ እትዬም እንደሚነዱ መስሏቸው ነበርና እንዳይከፋቸው ብዬ ዝም አልኳቸው አልኩ።

አባ ዞረው አዩኝ። «ዓባይነሽ ታውቅ ነበር እኮ።»

ምን?

«በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀች። ማታውኑ በአጥሩ በኩል ጠርታ ነገረችኝ። ‹መሐሙድ፣ ማሽኒቱ ብቻዋን ነው የምትሄድ። ግን የልጅህ ቤት ባዶ ነው። ባዶ ቤት ሰው አይገባም። ሰው እስኪለምደው እኔ ወንበሩን አሞቅላታለሁ› አለችኝ።»

ለዚህ ነበር በሩ ፊት ለፊት የሚቀመጡት። ለዚህ ነበር ሰው ሲሞላ ብድግ ብለው የሚሄዱት። ጫጫታው አስቸግሯቸው መስሎኝ... ቤቱ ሲሞላ ሥራቸው አልቆ ነው። እኔ የእሳቸውን ደስታ እጠብቃለሁ ስል እሳቸው የእኔን ሲጠብቁ ኖረዋል። አቀስታ፣ ጊምባ፣ ጉጉፍቱ... ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አባ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አድርገው ቀጠሉ። «‹አንተስ መቼ ነው የምትመጣ? እኔ አሮጊቷ ወንበር ማሞቅ ሰለቸኝ፣ ተረከበኝ› ትለኝ ነበር። ነገ እላታለሁ። መስጊድ በር ላይ የሚሉኝን እያሰብኩ ነገ፣ ነገ... ሳልመጣላት ሞተች።» ይሄኔ ነው የሚያቆሙት ብዬ ጠበቅኩ። አላቆሙም። «እናትሽን ስንቀብር አፈር የምታለብሳት ልጅ አጠገቤ አልነበረችም። ለእኔም እንደዚያው እንዳይሆን እፈራለሁ። ወፍጮም አልፈልግ፣ የዓረብ ገንዘብም አልፈልግ። አትሂጂብኝ።»

ጨረሱት። አባ ዛሬ ጨረሱት።

አልሄድም አልኩ። አንድ ቃል ነው፣ ግን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሱፍያን ከሰዓት ሁለት ጊዜ ደወለ። በሁለተኛው አነሳሁና ነገርኩት። ተሳደበ። ቁጥሩን አጠፋሁት።

ግን እሱ በኋላ ነው። ያኔ አባ ገና ወንበሩ ላይ ነበሩ። መሪውን በሁለት እጃቸው እንደገና ያዙና «ልጓሙን አያይዢልኝ» አሉ። ከመሬት ተነስቼ ቶከን አመጣሁ።

«ዓባይነሽ የት ላይ ነው ያቆመች?»

ጉጉፍቱ።

«እንግዲያ ከዚያ ነው የምንነሳ።»

ቶከኑን ከተትኩ። «ሬዲ... ጎ» አለ ሰውየው። አባ ወዲያው ገደል ገቡ። ሁለተኛ ከተትኩ፣ አጥር ደረመሱ። ሦስተኛው ላይ ተማሪዎች በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። አምስተኛው ላይ ጋሼ ንጉሡ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው ከተማሪዎቹ መሀል ቆሙ፣ «ፍሬኑን መሐሙድ፣ ፍሬኑን» ይላሉ። ሰው በሰው ላይ ገባ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። አባ ላብ በላብ ሆነው ኮፍያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ይዤላቸው ቆምኩ።

አስራ አንድ ቶከን ፈጅተን ደሴ ገባን።